የኮረሪማ ዘይትና የላላ ማሰሪያ

ጂንካና ገዘር አካባቢ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ወደ ወጌሻ ኤርጎ ሲሄድ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ «እጁ ደህና ነው፣ ማሰሪያው ግን ይላላል።» ነገሩ እውነት ነው። ሌሎቹ ወጌሾች ክንድ የሚያስሩት ጥርሳቸውን ነክሰው፣ በጉልበታቸው ተደግፈው ነው። ታካሚውም እንደታከመ እንዲሰማው ስለሚፈልግ ጠበቅ ያለ ማሰሪያ ይወዳል። ኤርጎ ግን የቀርከሃ ስንጥሩን ደርድሮ ጨርቁን ከጠመጠመ በኋላ ትንሿን ጣቱን በማሰሪያው ስር ያስገባል። ጣቱ አልገባም ካለች ይፈታና እንደገና ይጀምራል።

ከዚያ በኋላም ታካሚውን አያሰናብትም። ገዘር ካለው ቤቱ ደጅ አግዳሚው ላይ ያስቀምጠውና የኮረሪማ ዘይት ያመጣል። ከማሰሪያው ወጣ ብለው የሚታዩትን ጣቶች አንድ በአንድ ይቀባል። ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ይቀባል። አሁንም ይቀባል። እንዲህ ሲል ግማሽ ቀን ይሄዳል። ሚኒባስ ያመለጠው ሰው ያጉረመርማል፤ ሽታው ደስ ስለሚል ግን ጠብ ላይ አይደርስም። ጂንካ ሲገባ የባጃጁ ነጂ ሳይቀር ዞር ብሎ «ኤርጎ ጋ ነበርክ እንዴ?» ይለዋል። አገሩ ሁሉ አጥንት የሚጠግነው ያ ዘይት እንደሆነ ያምናል።

ዘይቱን የምታወጣው ሚስቱ አስካል ናት። እናቷ በገዘር የታወቁ አረቄ አውጪ ነበሩ፤ ሲሞቱ ሁለት እንስራና አንድ ረጅም መቃ አወረሷት። አስካል በ1985 ዓ.ም. ወንጌል ስትቀበል አረቄው ቀረ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎችም እንስራውን እንድትሰብረው ነገሯት። አስካል ደግሞ የሚሠራ ዕቃ መስበር የሚሆንላት ሴት አይደለችም። ነጋዴዎች ፍሬውን ፈልፍለው የሚጥሉትን የኮረሪማ ቅርፊት ከገበያ ለቅማ እንስራው ውስጥ አፈላችው። በመቃው በኩል ሽታው የሚጣፍጥ ውሃ ወረደ፤ ከላዩ ላይ ስስ ዘይት ሰፍፎ ተገኘ። ሁለት ሽማግሌዎች መጥተው አሸተቱ። አንደኛው ደግሞ አሸተተ። አረቄ አለመሆኑ ተረጋገጠ። መጀመሪያ ለፀጉሯ ነበር የምታደርገው፤ በ1991 ኤርጎ ለሥራዬ ስጪኝ ሲላት ሰጠችው፤ ለምን እንደፈለገው አልጠየቀችም።

ብትጠይቀውም አይነግራትም ነበር። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ደምሰው የሚባል ገበሬ የሰባት ዓመት ልጁን ይዞ መጥቶ ነበር። ልጅቷ ምህረት ትባላለች፤ ከማንጎ ዛፍ ወድቃ ቀኝ ክንዷን ሰብራለች። ኤርጎ ያን ጊዜ ማሰሪያው በመጥበቁ የሚመሰገን ጎልማሳ ነበር። እንደ ልማዱ አጥብቆ አሰረ። ልጅቷ «አመመኝ» አለች። «አይዞሽ፣ አጥንት ሲገጥም ያማል» አላት። በሩ ላይ ስትደርስ ደገመችው፤ እሱም አይዞሽን ደገመላት። በአራተኛው ቀን ደምሰው ብቻውን ተመልሶ መጣ። የልጅቷ ጣቶች ጠቁረዋል። ትልቅ ሆስፒታል እስክትደርስ ድረስ ለሐኪሞቹ የቀረላቸው ምርጫ አንድ ብቻ ነበር። ክንዷ ከክርኗ ዝቅ ብሎ ተቆረጠ።

ደምሰው አልከሰሰም፣ አልተጣላም። «እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብሎ ወደ እርሻው ሄደ። ለኤርጎ ግን ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ከዚያ ወር ጀምሮ ትንሿን ጣቱን በማሰሪያው ስር ማስገባት ያዘ። ግን ማሰሪያ የሚጠብቀው ቆይቶ፣ እጁ ሲያብጥ ነው፤ ቆይቶ ለማየት ደግሞ ታካሚው መቀመጥ አለበት። «ጥፍርህን ላይልህ ግማሽ ቀን ተቀመጥ» ቢባል የሚቀመጥ ሰው በአሪ ምድር የለም። ለዘይት ከሆነ ግን ይቀመጣል። ኤርጎ ጣት ሲቀባ ጥፍሩን ያያል፣ ሙቀቱን ይዳስሳል፣ «ይሰማሃል?» ይላል። ዘይቱ ለአጥንት ምን እንደሚያደርግ እሱ ራሱ አያውቅም።

በ2014 ዓ.ም. ከጂንካ ጤና ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ፈቃድ የሌለው ወጌሻ ከኅዳር ጀምሮ ሥራ ያቆማል ይላል። በዚያን ጊዜ ጂንካ ሆስፒታል የአጥንት ስፔሻሊስት ከመጣለት ሦስት ዓመቱ ነው፤ ዶክተር ጸጋአብ ይባላሉ። ኤርጎ አንድ ጊዜ ከአቅሙ በላይ የሆነ የጭን ስብራት ወስዶላቸው በነበረ ጊዜ ግድግዳቸው ላይ በመስታወት የተሰቀሉትን የምስክር ወረቀቶች ቆጥሯል፤ ስድስት ናቸው። ከዚያ የራሱን ቆጠረ። ያ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም።

ኤርጎን ያስጨነቀው ግን የወረቀቱ ጉዳይ አልነበረም። ወጌሾችን አነጋግራ ፈቃድ የምትፈርመው ባለሙያ ምህረት ደምሰው ነበረች። በአንድ እጅ መቆፈር ስለማይቻል አባቷ አስተምሯታል፤ ኮሌጅ ጨርሳ ጂንካ ጤና ቢሮ ተቀጥራለች። ኤርጎ ከተቀጠረችበት ቀን ጀምሮ በዚያ ቢሮ በር አልፎ አያውቅም። ገበያ ሲሄድ በአየር ማረፊያው ሜዳ በኩል ይዞራል። ሦስት ዓመት ሙሉ ዞሯል። አሁን ካልሄደ ሥራው ሊቀር ነው፤ መሬቱን ለልጆቹ አካፍሎ ጨርሷል፣ ከአጥንት ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ከሄደ ደግሞ እዚያ ጠረጴዛ ፊት ሊቀመጥ ነው። ሌሊት እየተነሳ ደጅ ይመላለስ ጀመር።

በዚህ መሃል ተመስገን ከተፍ አለ። ተመስገን የጂንካ ኮረሪማ ነጋዴ ነው፤ አዲስ አበባ የሁለት ቀን ሥልጠና ከወሰደ ወዲህ በንግግሩ መካከል «ፓተንት» ሳይል አይውልም። «ጋሽ ኤርጎ፣ ከቅርፊት ዘይት ማውጣት ማንም ያልሠራው ፈጠራ ነው» አለ። «በአስካል ስም እናስመዘግበዋለን። ጠርሙስ ላይ ‹የአጥንት መጠገኛ ዘይት› ብለን ለወጌሻ ሁሉ እንሸጣለን። ብቻ መድኃኒት ካልነው የወጌሻ ፈቃድ ቁጥር ያስፈልጋል፣ እሱን አንተ አምጣ።» የፈቃድ መጠየቂያ ፎርሙንም በሚያምር እጅ ጽሑፍ ሞልቶ አመጣው። ዘይቱ ስብራትን በሰባት ቀን ይጠግናል ብሏል። በሥራዎ ጉዳት የደረሰበት ሰው አለ ወይ በሚለው ላይ ደግሞ «የለም» ብሎ ጽፏል።

ኤርጎ ይህ ሲነበብለት ፎርሙን ወደ ተመስገን ገፋ አደረገው። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጽፈው» አለ ተመስገን።

አስካል ሁለት ሳምንት የባሏን የሌሊት መመላለስ ከታገሰች በኋላ «ወይ ሂድ ወይ ተው፤ እኔን አታድክመኝ» አለችው። ሄዱ። የዘይቱን አሠራር የምታውቀው እሷ ስለሆነች ጠርሙሱን ይዛ አብራው ገባች፤ ተመስገን በር ላይ ቆመ።

ምህረት የቀኝ እጇን እጅጌ አጥፋ በመርፌ ቁልፍ ይዛዋለች፤ እስክሪብቶውን በግራዋ ይዛለች። ቀና ብላ አየችው። ፊቷ ላይ ምንም አልተነበበም። «ይቀመጡ አባባ» አለች፤ ፎርሙን ማንበብ ጀመረች። ስም ጠየቀች፣ ቀበሌ ጠየቀች። አስካል ስለ እንስራውና ስለ መቃው በሰፊው አስረዳች።

«ዘይቱ ስብራትን በሰባት ቀን ይጠግናል ይላል» አለች ምህረት። «ልክ ነው?»

«ልክ አይደለም» አለ ኤርጎ።

አስካል ወደ እሱ ዞረች።

«ታዲያ ለምንድን ነው?» አለች ምህረት።

«ለመቀመጥ ነው። ሰው ለዘይት ይቀመጥልኛል። እኔ ጣት አያለሁ። ጥፍር ከጠቆረ፣ ከቀዘቀዘ፣ ቶሎ እፈታለሁ። ዘይት ከሌለ ሰው አይቀመጥም። ሚኒባስ ይዞ ይሄዳል።»

«እንዴ!» አለች አስካል።

«ከመቼ ጀምሮ?» ጠየቀች ምህረት።

«ከሰኔ፣ ዘጠና አንድ።»

እስክሪብቶው ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ጻፈ። ምህረት ገጹን ገለጠች። «በሥራዎ ጉዳት የደረሰበት ሰው የለም ይላል» አለች። ድምጿ ስም ዝርዝር የምታነብ ሰው ድምፅ ነው። «እስካሁን አርባ ሁለት ወጌሻ አነጋግሬያለሁ። አርባ ሁለቱም የለም ብለዋል።»

ኤርጎ እጆቹን አየ። ከዚያ ወለሉን አየ። «አለ» አለ።

«ስም?»

«ምህረት ደምሰው።»

«የለም» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችውና ስሟን ከላዩ ጻፈችው፤ የሌላ ሰው ስም እንደሚጻፍ አድርጋ።

«ዕድሜ?»

«ያኔ ሰባት።»

«የጉዳቱ ዓይነት?»

«ቀኝ እጅ። ተቆረጠ።»

«ምክንያት?»

«እኔ አጥብቄ አሰርኩ። ልጅቷ አመመኝ አለች። ሁለት ጊዜ አለች። እኔ አይዞሽ ብዬ ላክኋት።»

ምህረት መጻፉን አቆመች። «ሦስት ጊዜ ነው ያለችው» አለች።

ኤርጎ አሰበ። አንዱ ሲያስር ነው። አንዱ በሩ ላይ። «ሦስተኛው መቼ ነው?» አለ።

«መንገዱ ላይ። አባቷ አዝሏት ሲሄድ ወደ ኋላ ዞራ ጮኸች።»

ኤርጎ ያን ድምፅ ያውቀዋል። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ለራሱ «የጮኸው የጎረቤት ልጅ ነው፣ የጎረቤት ልጅ ነው» ሲል ኖሯል። አፈረ፤ በሕይወቱ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም።

«ሰምቼ ነበር» አለ።

«ሦስት ጊዜ» ብላ ጻፈች።

የመጨረሻው ጥያቄ የናሙናውን ሽታና መልክ ይመለከታል። ምህረት እስክሪብቶውን አስቀምጣ ግራ እጇን ዘረጋች። አስካል ከጠርሙሱ ጠብ አደረገችላት። ኤርጎ ማንም ሳይጠይቀው፣ ሳያስበውም፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ መቀባት ጀመረ። ጥፍሮቿን ያያል። ጣቶቿ ሞቅ ያሉ ናቸው፤ ደህና ናቸው። አራተኛዋ ጣት ላይ ሲደርስ እጇን ቀስ ብላ መለሰች። «ይበቃል» አለች፤ «ሽታ፦ ጥሩ» ብላ ጻፈች። የምትጽፍበትም የተቀባውም ያው አንድ እጅ ስለሆነ ፎርሙ ላይ የዘይት አሻራ ቀረ።

ከዚያ መመሪያውን ነገረችው። «የለም» ያለ ሰው ፈቃዱን በዕለቱ ይወስዳል። «አለ» ያለ ግን ፋይሉ ወደ ሆስፒታሉ የአጥንት ሐኪም ይላካል፤ ሐኪሙ አስተያየት ይሰጣሉ። እስከዚያ ሥራ የለም።

ተመስገን በር ላይ ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ። «አንዲት ቃል እኮ ናት ጋሽ ኤርጎ! ጽፌልህ ነበር እኮ!» አለ። አስካል ጠርሙሱን ከድና ወጣች። ሚኒባሱ ውስጥም ግማሽ መንገድ ድረስ ጠርሙሱን በእጇ ስታገላብጥ ሄደች።

«ሃያ ሦስት ዓመት» አለች በመጨረሻ። «ጭስ ዓይኔን ያጠፋው ሰው ወንበር ላይ ለማስቀመጥ ነው?»

«አዎ» አለ ኤርጎ።

«ለእኔ መንገር አቃተህ?»

«አዎ።»

አስካል ወደ መስኮቱ ዞራ አለቀሰች። በማግስቱ ጠዋት ግን ከእንስራው ስር እሳት አነደደች።

ኅዳር ገባ፣ ታኅሣሥ ገባ። የተሰበረ ሰው ሲመጣ ኤርጎ በር ላይ ቆሞ ወደ ሆስፒታል ይልካል። እጁ ሥራ ፈትቶ የአግዳሚውን እግር ሁለት ጊዜ ጠገነ፤ አግዳሚው ግን አልተሰበረም ነበር። ጥር ላይ ፈቃዱ መጣ። የዶክተር ጸጋአብ አስተያየት ተያይዞበታል፤ አጭር ነው። «በሦስት ዓመት ውስጥ በጠበቀ ማሰሪያ ምክንያት አሥራ አንድ እጅና እግር ቆርጫለሁ። ከዚህ ሰው ዘንድ የመጣ አንድም የለም» ይላል። ከግርጌው በግራ እጅ የተጻፈ፣ ማህተም ያረፈበት ማሳሰቢያ አለ፤ አስካል አነበበችለት። «ዘይቱ ጣት ከሚያይ ባለሙያ ተነጥሎ ለአጥንት ሕክምና አይሸጥም።»

በዚህ የተመስገን ጠርሙስ ቀረ። ሁለት ሳምንት አኮረፈ፤ ከዚያ ሐሳቡን አዙሮ አስመዘገበው። ዛሬ ጂንካ ገበያ ላይ የፀጉር ቅባት ሆኖ ይሸጣል፤ አጥንት የሚል ቃል የለበትም። ከቅርፊት ዘይት የማውጣቱ ዘዴም በአስካል ስም የአነስተኛ ፈጠራ ሰርተፊኬት ወጥቶለታል። እነ ኤርጎ ቤት ግድግዳ ላይ አሁን ሁለት ወረቀት ተሰቅሏል። ከስድስቱ አራት ይጎድላል። ኤርጎም ገበያ ሲሄድ በቢሮው በር በኩል ያልፋል፤ ምህረት በመስኮት ካየችው ራሷን ነቅነቅ ታደርጋለች፤ እሱ ባርኔጣውን ያነሳል። ከዚያ ያለፈ ነገር የለም።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ሰው የስምንት ዓመት ልጁን ይዞ መጣ። የእጇ አንጓ ተሰብሯል። ኤርጎ ስቦ አገጣጠመው፣ ስንጥሩን ደረደረ፣ አሰረ፣ ትንሿን ጣቱን አስገባ፤ ገባች። ልጅቷን አግዳሚው ላይ አስቀምጦ ዘይቱን ሊያመጣ ዞር አለ።

«አመመኝ» አለች ልጅቷ።

«አይዞሽ» አላት አባቷ።

ኤርጎ ግን ተመልሶ ተንበርክኮ ማሰሪያውን እየፈታው ነበር። አባትየው ግራ ገብቶት «ኧረ ገና አንድ ጊዜ ነው ያለችው!» አለ።

«አንድ ጊዜ ይበቃል» አለ ኤርጎ።