የፍሬቻ መኪና ካርቡሬተር

እውነተኛ ስሙን የሚያስታውስ የሰፈር ሰው አልነበረም። ሁሉም «ፍሬቻ» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ስለ ኖረ፣ በእግሩ እየሄደ እንኳ ሊታጠፍ ሲል እጁን ብድግ ያደርጋል፤ ወደ ቀኝ ከሆነ ቀኙን፣ ወደ ግራ ከሆነ ግራውን። ልጆች ከኋላው ተሰልፈው እንደ እሱ እጃቸውን ሲያወጡ እሱ ራሱ ይስቅ ነበር።

ጡረታ እንደ ወጣ አንዲት አሮጌ የቤት መኪና ገዛ። ቀለሟ ለቋል፤ ሞተሯ ግን ለከተማ መንገድ የተሠራች፣ ረጋ ያለች፣ ገና ደህና ነበረች። ያረጀው ካርቡሬተሯ ነው። ቤንዚኑን ከአየር ጋር አዋሕዶ ለሞተሩ የሚያጎርሰው እሱ ነውና፣ እሱ ሲታመም ሞተር ጦሙን ያድራል።

የታመመውም በክፉ ቀን ነበር። ልብስ ሰፊ ሚስቱን ወደ ታላቅ እህቷ ቤት ሲወስዳት፣ መኪናዋ ዳገቱ መሃል ላይ ትን ብሏት ቀጥ አለች። ሴትዮዋ በገዛ እጇ የሰፋችውን ነጭ ቀሚስ እንደ ለበሰች ወርዳ ገፋች። የጭስ ማውጫው ቀሚሱን ጥላሸት አደረገው።

«ሁለተኛ እዚህ ቆርቆሮ ውስጥ ብገባ ምን አለች በለኝ!» አለች። ከዚያ ወዲህ እህቷን ልትጠይቅ የምትሄደው በእግሯ ነው።

የአገር ጭነት ሲያመላልስ የኖረ ሰው የገዛ ሚስቱን አጠገቡ ማስቀመጥ አቃተው። ፍሬቻን የሚያንገበግበው ይህ ነበር። ስለዚህ ካርቡሬተር ሊገዛ የወጣ ዕለት ልቡ እንደ ሙሽራ ይዘል ነበር። የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ መካኒኩ፣ አብሮት ሄደ።

የመለዋወጫ ሻጩ ሁለት ካርቡሬተር ባንኮኒው ላይ አስቀመጠላቸው። አንደኛው ከትልቅ ሞተር የወጣ፣ ሁለት አፍ ያለው፣ እንደ መስታወት የሚያበራ። ሌላው ባለ አንድ አፍ፣ ትንሽ፣ ደብዛዛ።

«ጋሼ፣ ይቺ ትንሿ ትበቃናለች» አለ መካኒኩ።

«ይቺ የሳሙና ማስቀመጫ? ሂድ ወዲያ! ዳገት የሚወጣው በጉልበት ነው። አፉ የሰፋ ብዙ ይጎርሳል።»

«መጉረሱንስ ይጎርሳል። ማላመጡ ነው እንጂ።»

«ዝም በል! አንተ ዳዴ ስትል እኔ ተሳቢ እጎትት ነበር።»

ትልቁ ተገዛ፤ ተገጠመም። ሜዳው መንገድ ላይ መኪናዋ በእርግጥም በረረች፤ ፍሬቻ ሊዘፍን ምንም አልቀረው። መስቀለኛው መንገድ ላይ ግን ቀይ መብራት ያዘው። አረንጓዴ ሲበራ ነዳጁን ረገጠ። መኪናዋ አንዴ አስነጠሰች፣ አንዴ ሳለች፣ ከዚያ ጸጥ። ከኋላ የጥሩምባው መዓት!

«አባባ፣ እንቅልፍ ከወሰዳት ብርድ ልብስ ላቀብልዎ?» አለው አንድ ባለታክሲ።

በሰው ግፊያ ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ወንድሟ የትልቁን ካርቡሬተር ነገር አጫወታት። «ሳትለካ ሰፍተህ ነው አይደል? ለሕፃን የጎረምሳ ኮት!» ብላ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ፍሬቻ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

መካኒኩ ግን አልሳቀበትም። «ጋሼ፣ የአንተ መንገድ ቆም ሄድ፣ ቆም ሄድ ነው። ሞተሯ ቀስ ብላ ስትዞር የምትስበው አየር ጥቂት ነው። አፉ ሲሰፋ ያ ጥቂት አየር ይንቀረፈፍና ቤንዚኑን ማንሣት ያቅተዋል። በጠባብ ኮሪደር የሚያልፍ ንፋስ እንዴት በር እንደሚያላትም አላየህም? በትንሿም እንደዚያው ነው፤ አየሩ ሮጦ፣ ቤንዚኑን ይዞ ይገባል።»

ፍሬቻ ጆሮውን አከከ። «በል እንግዲህ፣ የሳሙና ማስቀመጫዋን አምጣት።»

ትንሿ ስትገጠም መካኒኩ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ጣል አድርጎ የቤንዚኑን ልክ የምትወስነውን ብሎን በጥቂት በጥቂቱ አዞረ፤ ድምፁ እየጠራ፣ እየተስተካከለ ሄደ። ፍሬቻ ነዳጁን ነካ አደረገ።

«ሰማህ? ሰማህ ወይ? ገና ሳልረግጣት መለሰችልኝ!» ብሎ፣ ግሪስ በግሪስ እንደ ሆነ ዐማቹን አቅፎ አሽከረከረው።

በማግስቱ ሚስቱን ደጅ ጠናት። «የኔ እመቤት፣ አንዲት ዳገት ብቻ! ከቆመች አዝዬሽ እወጣለሁ።»

«ወገብህን ማን ሊያሽልህ?» አለች። ቢሆንም ሻሿን አሰረች፤ ለማንኛውም ብላ ጥቁር ቀሚስ ለበሰች።

መኪናዋ ዳገቱን ያለ ማጉረምረም ተያያዘችው። ያ የገፋችበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ሚስቱ ድንገት «እዚህ ጋ ቁም!» አለች።

«እዚህ? ዳገቱ ላይ?»

«ቁም አልኩህ! እዚሁ ተነሥታ ልያት።»

ቆመ። የእጅ ፍሬኑን ለቀቀ፤ ነዳጁን ረገጠ። መኪናዋ አላስነጠሰች፣ አልሳለች፤ ሽቅብ ተፈተለከች! የሚስቱ ሻሽ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ሴትዮዋ እንደ ልጃገረድ ጮኸች።

«እንደገና! እንደገና ቁም!»

ቆሙ፤ ተነሡ። ደግሞ ቆሙ፤ ደግሞ ተነሡ። ታላቅ እህቷ ከላይ ከደጇ ሆና ይህን ሁሉ ስታይ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ሁለት ጎረቤት አስከትላ እየሮጠች ወረደች።

«አይዟችሁ፣ ደረስንላችሁ! በሉ ከኋላ ያዙ!»

ሚስቱ የኋላውን በር ከውስጥ ከፈተችላት። «የምን መግፋት ነው እቴ! ይልቅ ቶሎ ግቢ፤ ተነሥታ ስትሄድ ከውስጥ ሆነሽ ማየት አለብሽ!»