የእሁድ ኪኒን

ሳሉ የጀመራት እኛ ካቶሊኮች ልደትን በምንጠብቅበት በዘመነ ምጽአት የመጀመሪያው እሁድ ሰሞን ነው። የዚያን ቀን ወንጌል፣ ጌታ የሚመጣበትን ሰዓት አታውቁምና ነቅታችሁ ጠብቁ የሚል ነበር። እኛ መንቃቱን ችለንበታል። ባለቤቴ፣ የማርታ እናት፣ ስትስል፣ እኔም ከጎኗ ቁጭ ብዬ ነበር የሚነጋው።

ጊዜው ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ ነው። የምንኖረው ሐዋሳ፣ ወደ ቱላ መውጫው ላይ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። እሷ ጭራሽ አታነብም። የየእሁዱን ንባብ ቤት ውስጥ የማነብላት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ቤቱ የቲቢ በሽተኛ ላለበት ሰው ነውና ሳላሳምር እናገራለሁ።

መጀመሪያ ብርድ ነው አልን። ዝንጅብል ሞከርን፣ ነጭ ሽንኩርት ሞከርን። ከዚያ ከሳች። ላብ ያጠምቃት ጀመር። አንድ ቀን የምትስልበት ጨርቅ ላይ ደም አየሁ።   በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። አክታዋ ተመረመረ። ራጅ ተነሣች። ቲቢ ነው አሉን።

ዶክተሩ ወጣት ነው። "አባባ፣ እማማ ይድናሉ። ግን መድኃኒቱ ስምንት ወር ነው፤ አንድም ቀን አይዘለልም" አለኝ። ከኪኒኖቹ ሪፋምፒሲን የሚባለው ሽንቷን እንደሚያቀላውም ነገረን፤ ደም መስሏችሁ እንዳትደነግጡ አለ። ካልቀላስ ምን ማለት እንደሆነ አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም። በየማለዳው በባዶ ሆዷ ነርሷ ፊት ትውጣለች። እሁድ ጤና ጣቢያው ዝግ ስለሆነ የእሁዱን ቅዳሜ አስይዘዋት ትመጣለች።

መጀመሪያ ወደ ሰው እንዳይተላለፍ ብዬ ከጤና ጣቢያ በቀር የትም አላስወጣኋትም። ሳምንታት አልፈው ዶክተሩ ሲፈቅድላት ቅዳሴ መሄድ ጀመረች።

ፖፖዋን የምደፋው እኔ ነኝ። አላፍርበትም። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ጠዋት ሽንቷ ጠርቶ አገኘዋለሁ። ማክሰኞ ተመልሶ ይቀላል። በሽታው እየለቀቃት መሰለኝ። ሰኞ ሰኞ ደስ እያለኝ ነበር የምደፋው።

ሁለት ወሩ ሞላ። አክታዋ እንደገና ተመረመረ። ጀርሙ አለ።

ዶክተሩ ሁሉንም እየዋጠች እንደሆነ ጠየቃት። አዎ አለች። እኔ ጣልቃ ገብቼ፣ ኧረ እየተሻላት ነው፣ ሰኞ ሰኞማ ሽንቷ ይጠራል አልኩት። ላጽናናው ብዬ ነው። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"እሁድ አይውጡም ማለት ነው፣ እማማ።"

አንገቷን ደፋች። "እቆርባለሁ። ጌታን ሳልቀበል አፌ ላይ ምንም አላደርግም" አለች። ከቅዳሴ በኋላስ ቢላት፣ ከቅዳሴ መልስ እበላለሁ፣ በባዶ ሆድ ያላችሁት እናንተ ናችሁ አለችው።

"ጀርሙ እሁድ አያርፍም" አለ።

ከዚያ ለእኔ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ጀርሙ ኪኒኑን ከተላመደ መርፌ አለ። መርፌውንም ከተላመደ እዚህ አገር የሚሰጣት የለም። የመጀመሪያውን የሁለት ወር መድኃኒት አንድ ወር አራዘመላት። ከዚያ ደግሞ አክታ።

የቤተ ክርስቲያናችንን ካህን፣ አባን፣ ጠየቅኳቸው። መድኃኒት የቁርባንን ጾም አይሽርም አሉ። ቤት ድረስ መጥተው ራሳቸው ነገሯት። ሲወጡ፣ "አባ ልጅ ናቸው፤ አዝነውልኝ ነው" አለች። በልጅነቷ ያስተማሯት የድሮው አባ ውኃ እንኳ ከልክለዋታል። እሳቸው ሞተዋል። የሞተ ሰው ደግሞ ሐሳቡን አይለውጥም።

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሁድ ደረሰ። ወንጌሉ ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ነው። ከቅዳሴ በፊት አነበብኩላት። ጌታ በምራቁ ጭቃ ለውሶ ዐይኑን የቀባው በሰንበት ቀን ነው። እዚያ ስደርስ ቆምኩ።

"የማርታ እናት፣ ሰንበት ነው እኮ።"

"ቀባው እንጂ መቼ አስዋጠው" አለች።

 "አንቺ ካልዋጥሽ እኔም አልቆርብም" አልኳት። ሳቀች። አታደርገውም አለች።

አደረግሁት። ሰው ሁሉ ለቁርባን ሲነሣ እኔ ተቀመጥኩ። በጾም፣ በሽምግልና፣ ሰው እያየኝ። ቀላል አልነበረም። ውጭ ሴቶቹ ከበቧት።

ቤት ስንገባ፣ "ውሽማ ይዞ ነው ይላሉ" አለች።

"በዚህ ዕድሜዬ ካሉኝ ክብር ነው።"

"እስከ መቼ ልትቀመጥ ነው?"

"እስክትውጪ።"

"ፋሲካስ?"

"ፋሲካንም።"

ሳምንቱን ሙሉ ከ"ብላ" በቀር አላናገረችኝም። እኔም ፈርቻለሁ። ብትሞትብኝ የማነብለት ሰው የለኝም።

የሚቀጥለው እሁድ አልዓዛር ነበር። ማለዳ ጠራችኝ። ኪኒኖቹ መዳፏ ላይ ናቸው። በውኃ ዋጠች። አፏን ከፍታ አሳየችኝ። እንባዋ ይወርዳል።

"ኃጢአቱ በአንተ" አለች።

"ይሁን" አልኩ።

አብረን ቆረብን። ሰኞ ጠዋት ፖፖው ቀይ ነበር።

ወሩ ሲሞላ ከፋሲካ ቀጥሎ፣ ቶማስ ካላየሁ አላምንም ያለበት ወንጌል የተነበበበት ሰሞን ነው። ዶክተሩ ነጌቲቭ፣ ጀርም የለም፣ አለን። ይደገምልን አልኩ። ሳቀና ደገመው። ነጌቲቭ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፣ ግን እየቀለለ የሄደ ርዝመት ነው፤ በጰራቅሊጦስ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሳታርፍ ሄደች፣ የዘሪው ምሳሌ በተነበበበት ክረምት ከጓሮ ጎመን መቁረጥ ጀመረች፣ ቀሚሷ እንደገና ጠበባት፣ እኔም በየእሁዱ ሳነብላት ከበፊቱ ይልቅ እየቀናኝ መጣ። ስምንቱ ወር አልፎ የተጨመረውም ወር አለቀ። ዳነች።

እግዚአብሔር ይመስገን። ዶክተሩንና ነርሷን፣ አባንም እግዚአብሔር ይስጥልን። በሽተኛ የምታስታምም ሰው ሆይ፣ ሽንቱን እይ፣ ያየኸውን ለሐኪም ተናገር፣ ደስ የሚል ቢመስልህም ተናገር። በሽተኛ የሆንሽ እህቴ፣ ስለ ጾሙ ካህንሽን ጠይቂ፣ ከነገሩሽ በኋላ ግን ስሚ። ኪኒኑን ዋጪ፣ ከዚያ ቅዳሴ ሂጂ።

የማርታ እናት ያ ሳልቆርብ የተቀመጥኩበት እሁድ ሲነሣ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም። ግትር፣ አሳፋሪ፣ ትለኛለች። ረጅም ስድብ ነው። ከጀመረች ታደርሰዋለች፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትስል።