በደራ ማመልከቻ ውስጥ የገቡት ንቦች

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ ሲወጡ የአዳማ ሰው እንግዲህ ያርፋሉ ብሎ ነበር። እሳቸው ግን አንድ የማኅበረሰብ ፈንድ በጎ ፈቃደኛ ገምጋሚ እንደሚፈልግ ሲሰሙ ከሁሉም ቀድመው ተመዘገቡ። ሥራው ማንበብ ነው፤ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ትንንሽ ማኅበራት ድጋፍ ለማግኘት የሚያቀርቡትን ማመልከቻ አንብቦ ነጥብ መስጠት። ደመወዝ የለውም። ቆሎና የታሸገ ውሃ አለው።

ዘንድሮ አርባ ሦስት ማመልከቻ መጣ። አርባ ሦስቱንም እንደ ፈተና ወረቀት እርሳስ ይዘው፣ ከመጀመሪያው መስመር እስከ ማኅተሙ አነበቡ። ባነበቡ ቁጥር ደማቸው ይፈላል። የባቱውም፣ የአርሲ ነገሌውም፣ የመልካሳውም «የአቅም ክፍተትን በዘላቂነት ለመቅረፍ» ብሎ ይጀምራል። ሰው የገዛ ችግሩን ሲጽፍ እንዴት የገዛ ድምፁ ይጠፋዋል? ሐይቅ ዳር ያለውና ውሃ የሚገዛው በአንድ አፍ ሲናገሩ መስማት እንዴት ያለ ጉድ ነው!

ሃያ ዘጠነኛው ላይ እርሳሳቸው ቆመ። ከአርሲዋ ደራ ነበር።

«በእርዳታ የሚመጣው ዊልቸር የፊት ጎማው ትንሽ ነው። የእኛ አሸዋ ይውጠዋል። በሦስት ወር ይሰበራል፣ ሰውየውም ተመልሶ ቤት ይቀመጣል። እኛ ሰፊ ጎማ እንገጥምለታለን። የቸገረን የብየዳ ማሽን ነው።»

ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሰው ተናገረ! ደስ ብሏቸው ገጹን ገለጡ።

«ማኅበሩ ስልሳ ዘመናዊ ቀፎዎችን በግራር ሥር በማስቀመጥ የማር ምርቱን በእጥፍ ያሳድጋል።»

ነገሩ ለመገመት አላስቸገረም። ማመልከቻውን የተየበው ፎቶ ኮፒ ቤት የሌላ ማኅበር ወረቀት ላይ ደርቦ ሲሠራ ሁለተኛውን ገጽ ሳይለውጥ ትቶታል።

ቅዳሜ ጠዋት አራቱ ገምጋሚዎች ሲሰበሰቡ፣ የባንክ ሠራተኛው ዘካርያስ ያንኑ ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«ዊልቸሩን የሚገፉት ንቦቹ ናቸው ማለት ነው? ከነዳጅ ወረፋ ተገላገልን!»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ።

«አንተ ዝም በል» አሉት ወይዘሮ ሸዋወርቅ። «ስምንተኛ ክፍል ካርታ ገልብጠህ አዋሽን ሽቅብ ያስፈሰስክ ልጅ!»

«ቲቸር፣ እሱን እስካሁን አልረሱም?»

«አልረሳም። በል አሁን እንደውልላቸውና ትክክለኛውን ገጽ ይላኩ።»

የፈንዱ አስተባባሪ ማስረሻ አንገቱን ነቀነቀ። «አይቻልም፣ ቲቸር። ገምጋሚ አመልካችን በምንም ምክንያት አያነጋግርም።»

«እንዲህ ያለ ደረቅ ደንብ ማን ነው ያወጣው?»

ማስረሻ አቀረቀረ። «እርስዎ ነዎት። አምና።»

እውነቱን ነው። አምና አንድ ገምጋሚ ከአመልካች ጋር ክትፎ ቤት ታይቶ፣ ጠረጴዛ እየደበደቡ ደንቡን ያስጻፉት እሳቸው ነበሩ። «በምንም ምክንያት» የምትለዋ እንኳ የሳቸው ቃል ናት።

ማለፊያው ስድሳ ነው። እሳቸው ለደራ ዘጠና ሰጡ፤ የሦስቱ ነጥብ ተደምሮበት ለአራት ሲካፈል ግን ሠላሳ አራት ላይ ወረደ። በምትኩ አራት ሥልጠናና አንድ ባነር የሚያዘጋጅ ማኅበር አለፈ። አጀማመሩ፣ «የአቅም ክፍተትን በዘላቂነት ለመቅረፍ።»

«ለከርሞ ያመለክታሉ» አለ ማስረሻ ሊያጽናናቸው።

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ስማቸውን ከገምጋሚዎች ዝርዝር ላይ በእርሳሳቸው ሰረዙ።

«ኧረ ቲቸር! ለአንድ ወረቀት ብለው?»

«ገምጋሚ ካልሆንኩ ደንቡ አይመለከተኝም» ብለው ወጡ።

ውጭ የአዳማ ነፋስ አቧራውን ያነሳዋል። አንድ ሱቅ ጥግ ተጠልለው፣ ማመልከቻው ላይ ወዳለው ስልክ ደወሉ።

«ሄሎ! ገመዳ ነኝ። አካም?»

ማን እንደሆኑ ነገሩት።

«አለፍን?» አለ ቶሎ ብሎ።

«አላለፋችሁም፣ ወንድሜ። ሁለተኛው ገጻችሁ የሚያወራው ስለ ንብ ነው።»

«ስለ ምን?»

«ንብ! ስልሳ ቀፎ!»

«እኛ ንብ የለንም፣ አዴ።»

«አውቃለሁ! ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ሰው እንኳ አያየውም?»

«የመጀመሪያውን በእጄ ጽፌ ሰጠሁ። የቀረውን ታይፒስቷ እንደ ደንቡ እሞላዋለሁ አለች። እኛማ...» ድምፁ ዝቅ አለ። «ማን ያነበዋል ብለን ነው።»

ሊቆጡት አፋቸውን ከፈቱ፤ ቁጣው ግን የሚያርፍበት አጣ። እዚያ ግምገማው ላይ ንቦቹን ያላነበበ አልነበረም። ዊልቸሮቹን ማን አነበበ?

«ለከርሞ አብረን እንጽፈዋለን» አሉ በመጨረሻ። «አሁን እናንተ ዘንድ ተሰብረው የቆሙት ስንት ናቸው?»

ገመዳ ቁጥር አልነገራቸውም። «የጂቱ ዊልቸር አለ፣ ጎማው የወለቀው። የወፍጮ ቤቱ ፈቃዱ። ኢፍቱ ከፋሲካ ወዲህ ከደጅ አልወጣችም። ደግሞ...»

ስም እየጠራ ቀጠለ። ነፋሱ እንዳይነጥቃቸው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በልባቸው ዓመት ሙሉ እንዴት ይጠበቃል እያሉ፣ ሳያቋርጡት አዳመጡ።