ቀረፋ በኮሶ ፋንታ

ኮሶ ጠጣሁ ብዬ ከሥራ የቀረሁ ቀን የጠጣሁት ቀረፋ ነበር። ከዚህ የባሰ ሞኝነት ሠርቼ አላውቅም ብል የሚያውቁኝ ይስቃሉና የዚያን ጊዜውን ብቻ ልናገር።

በዚያ ዘመን ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሁሉ በየጊዜው ኮሶ ጠጥቶ የሆዱን ትል ያስወጣል። ኮሶ የጠጣ ሰው ከቤቱ አይወጣም፤ ጌታውም አይጠራው፣ እንግዳም አይመጣበት። እኔ አራዳ፣ ከአንድ ነጋዴ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋ ነበርና አሠሪዬ “ያሽርህ” ብሎ አሰናበተኝ። ሥጋውን እወዳለሁ፤ የኮሶውን ምሬት ግን ገና ሳስበው ይዘገንነኛል። ይህን ፍርሃቴን ከፊቴ ላይ ያነበበ አንድ ቅመም ሻጭ በዋዜማው ገበያ ላይ ያዘኝ። ቀረፋ አወፍረህ አፍላና በባዶ ሆድህ ጠጣ፣ ትሉ ሳይረፍድ ውልቅ ይላል አለኝ። ፂሜን አንዠርግጌ አመንኩት።

እስኪመሽ ጾሜን ተቀመጥኩ። የወጣ ነገር የለም። ሚስቴ ባጠገቤ ስታልፍ አሸተተችኝና፣ “አፍህስ የድግስ ቤት መስሏል፤ እንግዳህ ግን መሄድ ያሰበም አይመስል” አለችኝ።

በማግስቱ ከሰፈሬ ከዶሮ ማነቂያ ተነስቼ እየተንጨረጨርኩ ወደ ገበያው ወጣሁ። ሰውዬውን አንድ ሁለት ቃል ተናግሬው ልመለስ ነበር ሐሳቤ። ስደርስ ግን ሕፃን በአንቀልባ ያዘለች ሴት ፊቱ ቆማለች። የልጁ ከንፈር ደርቋል፣ ዓይኑ አይገለጥም፣ አንገቱ በትከሻዋ ላይ ወድቋል። ወደ ሐኪም ቤት ስትሄድ ነው አሉ መንገድ ላይ የጠራት። ሐኪሙ በመርፌ ይወጋብሻል፣ ቀረፋ ግን ትኩሳቱን በላብ ያወጣዋል ብሎ አሳምኗት፣ ከፍላ፣ አንድ እስር ቀረፋ ይዛ ወደ ቤቷ ልትመለስ ነው።

ደሜ ፈላ። እስሩን ከእጇ መንጭቄ ብብቴ ከተትኩና እንደ ዘመኑ የሙግት ወግ የሰውዬውን ኩታ ጫፍ ከኩታዬ ጋር ቋጠርኩት። “በሕግ አምላክ!” አልኩ። ያን ጊዜ ይህ ቃል ከተጠራ ንቅንቅ የለም፤ መንገድ አላፊ የሆነ ትልቅ ሰው ቆሞ ይዳኛል። አንድ ሽበታም ሽማግሌ ከበቅሏቸው ወርደው ከድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሴትዮዋ የነጠቅኳትን እንድመልስላት ብትጮህ፣ ፍርዱን ጠብቂ አሏት።

ከሳሹ እኔ ነኝና ቀረፋው የሆዴን ትል እንዳላስወጣልኝ በገበያ መካከል መናገር ግድ ሆነብኝ። ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሰውዬውም አንደበቱ ስለት ነው፤ “አባቴ፣ ይሄ ሰው ኮሶ ቢፈራ ጥፋቱ የቀረፋ ነው?” አለ። ሳቁ እጥፍ ሆነ። ይበልጥ ያናደደኝ አነጋገሩ እውነት መሆኑ ነው።

“የእኔ ሆድ ይቆየኝ። የዚህን ልጅ ግንባር ይንኩልኝ” አልኳቸው።

ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ነኩት። ፊታቸው ላይ የነበረው ፈገግታ ጠፋ።

“ልጅ አለህ?” አሉት ሻጩን።

“አለኝ፣ አባቴ።”

“እንዲህ ቢተኩስብህ ይህንን አጠጥተህ ትተኛለህ? በእሱ ማልና ንገረኝ።”

ሰውዬው ቅመሙን አየ፣ ሕዝቡን አየ። አልማለም። ወደ ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ አለ፣ ለራሱ እንኳ በማይሰማ ድምፅ። ሽማግሌው ለሴትዮዋ በቅሏቸውን ሰጧት፤ አሽከራቸው እየሳበ ወደ ሐኪም ቤት አደረሳት። ስትሄድም ዞራ የገላመጠችው እኔን ነው።

ቀረፋን አልጠላም። በክረምት ሻይ ውስጥ ሲገባ ደረት ያሞቃል፣ የተነፋ ሆድ ያቀላል፣ የአፍ ጠረን ያሳምራል፣ አልጫ ወጥ ላይ ጣት ያስልሳል። አንድ የእንጨት ልጣጭ ከዚህ በላይ ምን ያድርግልን? ያቺን ትንሽ ደግነቱን ነፍቶ ነፍቶ የሁሉ በሽታ መድኃኒት ነው እያለ፣ የታመመ ልጅ ያዘለችን እናት ከመንገዷ የሚመልስ ሰው ግን ዛሬም ሲታወሰኝ ጥርሴን ያፋጨኛል። ሽማግሌው ቅጣት አልጣሉበትም፤ እኔ ብሆን ኮሶ አጠጣው ነበር። የራሴን ኮሶ በሳምንቱ ዓይኔን ጨፍኜ ጠጣሁ፤ አለቀስኩ፤ ተሻለኝ።

ከዚያ በኋላ ሴትዮዋን አንድ ጊዜ አይቻታለሁ። ልጁ የቀሚሷን ጫፍ ይዞ በእግሩ ይሄዳል፣ ጉንጩን በቆሎ ሞልቶ። ደስ ብሎኝ ሮጬ ሰላም ልላት ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ጭድ ከጫነ አህያ ጀርባ ተደበቅሁ። የነጠቅኳት እስር ቀረፋ ለካ ከብብቴ ሳትወጣ ቤቴ ገብታ ኖሯል፤ በሻይ ጠጥቼ ጨርሻታለሁ። እስካሁንም አልመለስኩላት።