ወንድሜ የጨመረልኝ ስምንት ዓመት

ኪርያት ኖርዳው በሚባለው ሰፈራችን ሃያ ሁለት ዓመት የተከራየነውን ቤት ባለቤቱ ሊሸጠው መሆኑን በስልክ ነገረን። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ አሳንሰር የሌለው፣ የመታጠቢያ ክፍሉ ግድግዳ በየክረምቱ የሚሻግት ቤት ነው። ሚስቴ ስልኩን እንደዘጋች "እንገዛዋለን" አለች። እኔን አልጠየቀችኝም። ልጆቻችን እዚያ አድገው ወጥተዋል፤ እሷ በትምህርት ቤት ጽዳት ያጠራቀመቻት ገንዘብ ነበረቻት፣ እኔም ጥቂት ነበረኝ። ባንኩ ማሽካንታውን፣ የቤቱን ብድር ማለት ነው፣ ለመስጠት ተስማማ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው አሉን፤ ሁለታችንም የሕይወት ኢንሹራንስ መግባት ነበረብን። አንዳችን ብንሞት የቀረውን ዕዳ ለባንኩ የሚከፍለው ኢንሹራንሱ ነው።

የኢንሹራንስ ወኪሏ ቢሮ ከገበያው አጠገብ ነበር፤ የዓሣ ሻጮቹ ጩኸት በመስኮቱ ይገባል። የእኛው አገር ሰዎች ልጅ ናት፣ እዚሁ የተወለደች። አማርኛዋ ግማሹ ዕብራይስጥ ነው፤ ዕብራይስጥ ደግሞ አንቱ የለውም፤ ስለዚህ እንደ እኩያዋ አንተ እያለች ታነጋግረኝ ጀመር። ገና ከመጀመሪያው ጠመድኳት።

"ሲጋራ ታጨሳለህ?"

"አላጨስም።"

"በፊትስ?"

"አጭሼ አላውቅም።"

"ቶቭ፣ ጥሩ ነው፣ ይኼ ዋጋውን ያወርደዋል። ክብደትህ ስንት ነው? ደም ግፊት አለብህ? ስኳር? አባትህ በምን ሞተ?"

"ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ስንወርድ መንገድ ላይ ሞተ።"

"በምን በሽታ ማለቴ ነው። ልብ ከሆነ ወይም ካንሰር ከሆነ ዋጋው ላይ ይገባል።"

"ሐኪም አላየውም። ማን ያውቃል?"

"አይታወቅም" ብላ ጻፈችና ሥራዬን ጠየቀችኝ። የባሕር ዳርቻ ሆቴሎችን የውጭ ግድግዳ እንደምቀባ ነገርኳት። የባሕሩ ጨው ቀለሙን ስለሚበላው በየጥቂት ዓመቱ እንደገና ይቀባል፤ እኛም በገመድ በተንጠለጠለ መድረክ ላይ ቆመን ከላይ ወደ ታች እንወርዳለን። "ከፍታ" አለች፣ "ይኼ ትንሽ ይጨምራል።"

የመታወቂያ ቁጥራችንን አስገብታ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረችው። ላይኛው መስመር የሚስቴ ነበር፤ በየወሩ የምትከፍለው ብዙም አይደለም። ከሥር ያለው የእኔ ነበር። ሦስት እጥፍ ይበልጣል።

"ለምንድን ነው እንዲህ የሆነው?" አልኳት።

"ከፍታው የጨመረው ትንሽ ነው። ዋናው ዕድሜ ነው። ሃምሳ ሰባት ዓመትህ ነው፤ ብድሩ ደግሞ ብዙ ዓመት ይሄዳል። ሳያልቅ ትሞታለህ ብለው ነው የሚያስቡት።"

"አርባ ዘጠኝ ነኝ።"

መታወቂያዬን አነሳችና አየችው። "እዚህ ላይ ሃምሳ ሰባት ነው የሚለው።"

"ውሸት ነው።"

"ዶድ" አለችኝ፣ አጎቴ እንደማለት ነው፣ "ይኼን ለእኔ አትንገረኝ። ኩባንያው የሚያየው የተጻፈውን ነው። ስህተት ከሆነ ፍርድ ቤት ሂድና አስተካክለው። ስትወለድ የነበረ ሰው ያስፈልግሃል።"

ወደ ቤት ስንመለስ ሚስቴ አውቶቡስ ውስጥ "ዝም ብለን እንክፈልና እንገላገል" አለችኝ። እኔ ግን ያን ቀን ሌላ ነገር መስማት አልቻልኩም። ስትወለድ የነበረ ሰው። በሕይወት ያለ የማውቀው ወንድሜን ብቻ ነው፤ ስምንቱን ዓመት የጨመረብኝም እሱ ነው።

እናቴ "ንጉሡ በወረዱ በዓመቱ ወለድኩህ" ትለኝ ነበር። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደዚህ አገር ሲያመጡን አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ወንድሜ በሃያ ዓመት ይበልጠኛል፤ አባታችን ከሞተ ወዲህ የቤቱ ራስ እሱ ሆኗል። እዚህ እንደደረስን አንዲት ጸሐፊ ጠረጴዛ ፊት አሰለፉን። አስተርጓሚው ዕድሜዬን ሲጠይቅ የመለሰው ወንድሜ ነው፤ "ሃያ አራት" አለ። ረጅም ስለነበርኩ ማንም አልተጠራጠረም። እኔም ዝም አልኩ፤ እሱ ባለበት እኔ አልናገርም ነበር።

ለምን እንዳለው የገባኝ በወሩ ነው። ዕድሜያቸው ያልደረሰ ወጣቶችን አዳሪ ትምህርት ቤት ያስገቧቸው ነበር፤ ይህንን ወንድሜ ቀድመው ከመጡት ዘመዶች ሰምቷል። እኩዮቼ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እኔ ብርቱካን ማሸጊያ ገባሁ። በበጋ ሲመለሱ ከጸሐፊዎቹ ጋር እንደፈለጉ ይነጋገራሉ፤ ለእናቴ የሐኪም ወረቀት የሚያነቡላት እነሱ ነበሩ። አንድ ቀን ለብቻዬ ሄጄ እኔም ልማር ብዬ ጠየቅሁ። ሰውዬው ወረቀቴን አየና "ሃያ አምስት ልትሞላ ነው፤ ይኼ የልጆች ነው" አለኝ። ያንን ቀን ለማንም አላወራሁም።

ሰንበት በወጣ ማግስት ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ከእኛ ሁለት ሕንፃ አለፍ ብሎ ምድር ቤት ነው የሚኖረው። በረንዳው ላይ በዘይት ቆርቆሮ የተከለውን ጤና አዳም ውኃ ያጠጣ ነበር። ሰላምታ ሰጠሁትና የመጣሁበትን ነገርኩት።

"ጋሼ፣ ጠበቃ ዘንድ ቀርበው ይፈርሙልኝ። ያን ጊዜ ሃያ አራት ያሉት አሥራ ስድስት እንደነበር ይመስክሩልኝ።"

ማጠጣቱን ሳያቋርጥ "ለምን?" አለ።

የኢንሹራንሱን ነገር አስረዳሁት።

"የሞትህ ዋጋ ተወደደብህ ማለት ነዋ።"

"አዎ።"

"እና ሊቀነስልህ ፈለግህ።"

"እውነቱ እንዲጻፍ ነው የፈለግሁት።"

የውኃውን ጣሳ አስቀምጦ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። "አንተ ልጅ፣ ምን ያህል ሞኝ ነህ? ሃምሳ ሰባት ከሆንክ የዛሬ አሥር ዓመት ጡረታህን ይዘህ ቤትህ ትቀመጣለህ። አርባ ዘጠኝ ነኝ ካልክ አሥራ ስምንት ዓመት እዚያ ገመድ ላይ ትንጠለጠላለህ። ስምንት ዓመት ዕረፍት ሰጥቼሃለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ጉልበቴን ይስም ነበር።"

ስለ ጡረታው አላሰብኩም ነበር። ተነስቼ ብሄድ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

"ትምህርት ቤቱስ?" አልኩት።

"የምን ትምህርት ቤት?"

"እኩዮቼ የገቡበት።"

"እናታችን ታማ፣ እኔ አምስት ልጅ ይዤ፣ አንተን ሰድጄ ማን ያብላቸው? ጉልበት ያለን ሁለት ነበርን።"

"ይህን ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር።"

"ለልጅ ይነገራል እንዴ?"

"የሃያ አራት ዓመት ሰው ልጅ አይባልም፣ ጋሼ።"

ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ ወዲያ ማግባባቱን ተወው። "አልፈርምም" አለ። "ያንተን ከከፈቱ የእኔንም ይከፍታሉ። ከዚያ ጡረታዬን ሊቆርጡት ነው።"

በዚያች ጠረጴዛ ፊት ለራሱም ጨምሮ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እኩዮቹ ገና ሲሠሩ እሱ ቀድሞ ጡረታ የወጣው ለምን እንደሆነም ገባኝ። የእኔ ወረቀት እንደዚያው እንዲቆይ የሚፈልገው ለእኔ ዕረፍት አስቦ አልነበረም።

"አንተ ሌባ ነህ" አልኩት።

ዕድሜዬን ሙሉ አንቱ ስለው ኖሬአለሁ። ሌባ ማለቴን የሰማው አይመስለኝም።

"ማንን ነው አንተ የምትለው?"

"አንተን።"

ምርኩዙን ይዞ ተነሳ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁት፤ ቢመታኝም ደስ ይለኝ ነበር። አልመታኝም። "ከቤቴ ውጣ" አለ። "ከእንግዲህ የእናቴ ልጅ አይደለህም።"

ሽማግሌዎች መጡ። ታላቅህን ደፍረሃልና ጉልበቱን ስመህ ታረቅ አሉኝ። "መጀመሪያ ይፈርም፣ ከዚያ እስመዋለሁ" አልኳቸው። ሚስቴ ያቀረበችላቸውን ሳይቀምሱ ወጡ፤ በምኩራብም ለብዙ ጊዜ ሰላምታቸው ቀዝቅዞ ነበር።

ሻጩ አልጠብቅም ስላለ ኢንሹራንሱን በሃምሳ ሰባት ዓመት ሰው ዋጋ ገባን። በየወሩ ገንዘቡ ሲቆረጥ ወንድሜ እጁን ኪሴ ውስጥ የሚከት ይመስለኝ ነበር። ጠበቃም ያዝኩ። ምስክር ፍለጋ የወጣችው ሚስቴ ናት፤ ከፍለን መገላገልን የምትመርጥ ሴት ብትሆንም፣ ሥራ ከጀመረች አትተውም። በስልክ ከዘመድ ወደ ዘመድ ስትል ሐዴራ ከተማ የሚኖሩ አንዲት የመንደራችን እማማ አገኘች።

እማማ ፍርድ ቤት የመጡት ከልጃቸው ጋር ነው። ልጃቸው የእኔ እኩያ ናት፤ ዕድሜዋ በትክክል ስለተጻፈ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታ ነርስ ሆናለች። ጠበቃው መታወቂያዋን ለዳኛዋ አቀረበ። ዳኛዋ ይህ ሰው ከልጅሽ ጋር በአንድ ሰሞን መወለዱን እንዴት ታስታውሻለሽ ብለው በአስተርጓሚ ጠየቁ።

"የአራስ ጎጆ ውስጥ ከእናቱ ጋር አብረን ነበርን" አሉ እማማ። "እኔ ማክሰኞ ወለድኩ፣ እሷ ዓርብ። በሕጋችን ወንድ የወለደች በአርባ ቀኗ ትወጣለች፣ ሴት የወለደች በሰማንያ። እሷ ልጇን ታቅፋ ወጣች፤ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ዝናብ ነበር፤ ጅብ እየጮኸ ብቻዬን ነው ያደርኩት። እንዴት ይረሳኛል?"

አስተርጓሚው ሁለት ጊዜ ደግሞ ተረጎመው። ዳኛዋ ጻፉ። ውሳኔው ከጥቂት ወራት በኋላ በፖስታ መጣ፤ ስምንቱ ዓመት ተነሳልኝ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ወኪሏ ሄድኩ። አዲሱ ኢንሹራንስ እስኪፈቀድ የድሮውን እንዳንሰርዝ አስጠነቀቀችንና ያንኑ ጥያቄ ከመጀመሪያው ጀመረች። ሐኪም ዘንድም ላኩኝ። ደም ግፊት አለብህ ተባልኩ።

"ይኼ በፊት አልነበረም" አለችኝ ወኪሏ።

"ንዴት ነው ያመጣብኝ።"

"ኩባንያው ከምን እንደመጣ አይጠይቅም። ቁጥሩን ነው የሚያየው።"

ዋጋው ወረደ፤ ግን የወረደው ካሰብኩት ግማሹን ያህል ብቻ ነው። ዕድሜዬ የቀነሰውን ደሜ መልሶ ጨመረው።

ሚስቴ የጡረታውን ነገር የሰማችው ከዚያ በኋላ ነው፤ እኔ ሳልሆን የወንድሜ ሚስት ናት ገበያ ላይ የነገረቻት። ቲማቲሙን እንደያዘች ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣች። ከመድረኩ እስክወርድ ታች ቆማ ጠበቀችኝ።

"ስምንት ዓመት ሥራ እንደሚጨምርብህ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ለምን ደበቅከኝ?"

"ብነግርሽ ትከለክይኝ ነበር።"

"አዎ፣ እከለክልህ ነበር" አለችና ሄደች። ያን ሰሞን ምግቤን ታቀርብልኛለች እንጂ አታነጋግረኝም። ትክክል ናት። ኢንሹራንሱ ላይ የቀነስኩት ገንዘብ ስምንት ዓመት ሥራን አይገዛም፤ ይህን ለማወቅ የእኔን ያህል መማር እንኳ ይበቃል። ወንድሜ በዚህ ነገር አልተሳሳተም። እንዲያውም ይበልጥ የጠላሁት ስላልተሳሳተ ነው።

የእሱን ወረቀት ማንም አልነካውም። ጡረታውን እየበላ ነው። ባለፈው ዓመት ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሞቶ ለቅሶ ቤት ተገናኘን። ድንኳኑ ሞልቶ ስለነበር መቀመጫ ስፈልግ አየኝ። አጠገቡ ወዳሉት ሽማግሌዎች ዞሮ፣ "ጠጋ በሉለት ለዚህ ልጅ" አለ። "ፍርድ ቤት ሄዶ ወጣት ሆኖ መጥቷል።"

ሁለቱ ሳቁ። ሌሎቹ ወደ መሬት አዩ። እኔ አልመለስኩለትም፤ ለቅሶ ቤት ነው፣ ሟቹም ጥሩ ሰው ነበር። ማዶ ቦታ አገኘሁና ተቀመጥኩ፤ ጸሎቱ እስኪያልቅም አልተነሳሁም። ስወጣ በፊቱ አለፍኩ። እሱም እጁን አልዘረጋም፣ እኔም አልዘረጋሁም።

አሁን በወረቀትም በእውነትም ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። በዚህ ሳምንት ከባሕሩ በላይ ካለው ገደል ጫፍ ላይ ያለውን ሆቴል በምዕራብ በኩል መቀባት ጀምረናል፤ ነፋሱ መድረኩን ሲገፋው ጉልበቴን ግድግዳው ላይ አስደግፋለሁ። ጠዋት የደም ግፊት ኪኒኔን ውጬ ነው የምወጣው። ሚስቴ ታነጋግረኛለች። ወንድሜን ይቅር አላልኩትም።