ያልተከፈተው ጓዳ

ልጅ ሳለሁ፣ የክረምቱ ጉም ከገደሉ ሥር ተነሥቶ የመንዝን ደጋ ሲያለብሰው፣ ቤታችን አመሻሹ ላይ በፈታይ ሴቶች ይሞላ ነበር። ያኔ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ መሐል ሜዳ ከተማ ሄጄ ልማር ቆርጬ ነበር። ያሳደጉኝ የአባቴ አክስት እማማ ስንዱ ግን ያለ ባና ከቤት አልለቅሽም አሉ፤ በኪራይ ቤት መሬት ላይ ተኝቼ የጥቅምት ውርጭ እንዲጫወትብኝ አልፈለጉም። ባና የሚባለው ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ደግሞ የአንድ ሰው እጅ የሚጨርሰው ነገር አይደለም። ያን ሁሉ የበግ ጠጉር ፈትለን መስከረም ሳይጠባ ለሸማኔው ማድረስ ነበረብን፤ ካልደረሰ ትምህርቱም ቀረ።

ጎረቤቶቻችን የየራሳቸው ፈትል ነበራቸው። እኛን ሊያግዙ የሚያመጣቸው ቆሏችን አልነበረም፤ የእማማ ስንዱ ተረት ነው።

እማማ ስንዱ ቁጡ ነበሩ። ሲያወሩ ያሳለውን ሰው እንኳ ይገላምጡታል። ኩራዙን ከፊታቸው አንሥተው ከኋላቸው ያስቀምጡትና ፊታቸው ይጨልማል፤ የኩበቱ ፍም እጃቸውን ብቻ ያቀላዋል። ከዚያ በተረታቸው ውስጥ በጉም መንገድ የጠፋበት ሰው ገደል አፋፍ ላይ ካለች ቤት ይደርሳል። የእግዜር እንግዳ ነኝ ሲል ከውስጥ ግባ ይሉታል፤ ቢገባ ግን ሰው የለም። መደቡ ተነጥፏል፣ ወጡ ሞቋል። ስለ ወጡ ማውራት ይወዱ ነበር፤ ሽሮው፣ ቅመሙ፣ ድስቱ እያሉ ያዘናጉንና ድንገት ጓዳው ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል። እሳቸው ዝም ይላሉ። ያኔ የሚሰማው የእንዝርቱ ሽክርክሪት ብቻ ነበር፤ የፈሩት ሴቶች ሳያውቁት እጃቸው ይፈጥናል። መንገደኛው የጓዳውን በር ሲይዝ፣ በሉ መሽቷል፣ ወደየቤታችሁ ይላሉ። ሴቶቹ እያማረሩ ይሄዳሉ፤ በማግሥቱም ይመጣሉ።

ነሐሴ ላይ እማማ ስንዱን ጉንፋን ጣላቸው፤ ድምፃቸው ጭራሽ ተዘጋ። ጠጉሩ ገና ግማሹ አልተፈተለም። የዚያን ዕለት ምሽት ሴቶቹ ጥቂት ፈተሉና ጎረቤታችን እትዬ አስካለ እንዝርታቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ደነገጥኩ። ዛሬ እንዲህ ከሄዱ ነገ አይመጡም። ኩራዙን አንሥቼ ከኋላዬ አስቀመጥኩና ተረቱን ጀመርኩት።

ቸኮልኩ። ወጡንም መደቡንም ዘልዬ በሩን ከፈትኩት፤ ጋኔኑን ከነቀንዱ አወጣሁት። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እትዬ አስካለ ይሄንንማ የእኔም ልጅ ያወራልኛል ብለው ተነሡ። መደብ ላይ የተኙት እማማ ስንዱ ገላመጡኝ፤ ከዚያ መዳፋቸውን ቀስ አድርገው ወደ መሬት ዝቅ አደረጉ። ቀስ በይ ማለታቸው ነው። እንባዬ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት።

«ሕልም ነበር» አልኩ። «መንገደኛው ሲነቃ በሩ እንደተዘጋ ነው። ወጡ ግን ተበልቷል።»

ማንም አልሳቀም። እትዬ አስካለ ተመልሰው ቁጭ አሉ። ከዚያ ወዲያ አልቸኮልኩም፤ ባዶውን ድስት አሳየኋቸው፣ እርጥብ የእግር ዱካ ከጓዳው ደጃፍ እስከ መንገደኛው ራስጌ አመጣሁ፣ የማን እንደሆነ ግን ትንፍሽ አላልኩም። እንዝርቶቹ ሲፈጥኑ ይሰማኝ ነበር። መንገደኛው የበሩን መወርወሪያ እንደያዘ፣ በሉ መሽቷል አልኩ። እትዬ አስካለ ቁርጥ ስንዱን እያሉ፣ እያማረሩ ወጡ፤ በማግሥቱ ከሁሉም ቀድመው መጡ።

ባናው ደረሰ። ለመሄድ በተነሣሁበት ጠዋት እማማ ስንዱ ድምፃቸው ተመልሶላቸው፣ ባናውን በገመድ ሲያስሩልኝ ጓዳው ውስጥ ማን እንደነበረ ጠየቅኋቸው።

«እኔ ምን አውቄ» አሉ ገመዱን እያጠበቁ። «ከፍቼው ቢሆን ማን ይፈትልልሽ ነበር?»

ዛሬ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። የሚያስፈራ ታሪክ በምን እንደሚያስፈራ ተማሪዎቼ ሲጠይቁኝ ስለ ኩራዙ፣ ስለ ዝምታው፣ ስለዚያ ዝቅ ስላለ መዳፍ እነግራቸዋለሁ። ጓዳው ውስጥ ማን ነበር ሲሉኝ ግን፣ ደወሉ እስኪደወል ድረስ ስለ ወጡ አወራለሁ።