እትዬ ቡጢ እና ድምፅ የሌለው ካሴት

እትዬ ቡጢ ሰው መትታ አታውቅም። አንድ ልጇን እንኳ በአርጩሜ ነክታ አታውቅም፤ ልጅቷም ይህንን አትክድም። ስሙን ያወጡላት የቪዲዮ ቤቱ ደንበኞች ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቴሌቪዥኑ ጎን በተሰቀለ አንሶላ ተከልላ፣ በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ በኩንግ ፉ ፊልም ውስጥ የሚሰነዘረውን ቡጢ፣ ጥፊና እርግጫ ሁሉ የምታሰማው እሷ ነበረች።

ነገሩ የመጣው በችግር ነው። ባሏ የእንጨት መጋዘን የነበረች አንዲት ክፍል ተከራይቶ አሥራ አንድ አግዳሚ ወንበር ደረደረና ቪዲዮ ቤት ከፈተ። ካሴቶቹ የቅጂ ቅጂ ስለነበሩ ሥዕሉ ደጋግሞ እንደታጠበ ልብስ ነጥቷል፤ ድምፁማ ዘይት ላይ ውሃ ጠብ ሲል እንደሚሰማው ያለ ነው። በአንዱ ቋንቋ ላይ ሌላ ቋንቋ፣ በዚያም ላይ ሦስተኛ ተደርቦበታል። ሰውየው ከሦስቱ አንዱንም አያውቅም። ስለዚህ ድምፁን ጨርሶ ዘጋውና ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ታሪኩን በራሱ አፍ ያወራ ጀመር። ሕዝቡ “ተርጓሚው” አለው።

“ጋሼ፣ የነሱን ቋንቋ የት ተማርክ?” ብሎ የሚጠይቀው አይጠፋም።

“ፊቱን አታየውም እንዴ? እኔ ከፊቱ ነው የምተረጉመው” ይላል።

ንግግሩ እንዲህ ተፈታ። ድብድቡ ግን ያለ ድምፅ አልሆነም። በመጀመሪያው ሳምንት ጀግናው አሥር ሰው ሲያራግፍ አዳራሹ ጭጭ አለ፤ ከኋላ አንዱ፣ “ጋሼ፣ ሰዎቹ እየተጣሉ ነው ወይስ እየተዳበሱ?” ብሎ ጮኸ። ሳቁ ለሦስት ቀን ተርጓሚውን እንቅልፍ ነሳው።

ያን ጊዜ ሚስቱ ፍራሽ ሰፊ ነበረች። ያረጀ ፍራሽ ፈትታ ጥጡን በዘንግ የምትወቃው ከቪዲዮ ቤቱ ጋር በግድግዳ በሚዋሰን ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እሷ ከግድግዳው ማዶ ጥጧን ስትወቃ፣ በወዲህ በኩል ደግሞ አንድ ራሰ በራ መነኩሴ ሽፍቶችን ሲቀጠቅጥ፣ ዘንጓና ቡጢው ገጠሙ። አዳራሹ በአንድ እግሩ ቆመ። ተርጓሚው ፊልሙን ሳያስቆም ሮጦ ወጣና በሯን በረገደው።

“አንቺ! ያንን ዱላሽን ይዘሽ ነይ!”

“ምነው? ሰው ተጣላ?”

“ሰውማ ተጣልቷል፤ የሚሰማ ድምፅ ነው የጠፋው!”

ከዚያን ቀን በኋላ ነገሩን ሥራዋ አደረገችው። ለሆድ ቡጢ በቆዳ የተለበጠ ትራስ አላት። ለጥፊ እርጥብ ፎጣ በጣውላ ላይ ታላጋለች። አጥንት ሲሰበር ደረቅ የበቆሎ አገዳ በጉልበቷ ቀጭ ታደርጋለች፤ የተፋላሚው ሰፊ እጅጌ ሲወናጨፍ ደግሞ ስታርች የጠጣ አንሶላ ታራግፋለች። ክንድ እያየች ከመታች እንደምትዘገይ በሁለት ሳምንት ገባት። ስለዚህ ትከሻ ማየት ለመደች። ክንድ ያታልላል፤ ትከሻ ግን ሊመታ ሲል አስቀድሞ ይናገራል።

ፊልሞቹ ዐይናቸውን በጨው የታጠቡ ነበሩ። ቡጢው ከአገጭ አንድ ጋት ሳይደርስ ተመቺው ይወድቃል። አንዱ ሰውዬ መጀመሪያ በጢም፣ ቀጥሎ ያለ ጢም፣ ኋላ ደግሞ ባርኔጣ አድርጎ በአንድ ፊልም ሦስት ጊዜ ይሞታል። ሽማግሌው መምህር በተቆጣ ቁጥር የተለጠፈለት ነጭ ሪዝ በአንድ ወገን ይላቀቃል። ሰው ተወርውሮ ሲወድቅ ከጀርባው ያለው ተራራ ይርገበገባል፤ ለካ ተራራው ሸራ ነው። ይህንን ሁሉ ተመልካቹ ያያል፤ ያውቃል፤ በዚህም ይበልጡን ይወደዋል። የሚያዩት እንደነሱ በእጁ ባለው ነገር የሚሠራ ሰው ነበር። ሸራውን ተራራ ነው ካለ ተራራ ነው።

ከሁሉ የሚወዱት ግን ድብድቡን አልነበረም። የሚወዱት ከድብድቡ በፊት ያለውን፣ ልጁ መምህሩ ዘንድ ገብቶ ዓመታት ውሃ የሚቀዳበትን፣ ወለል የሚጠርግበትን፣ እንጨት የሚፈልጥበትን ክፍል ነው። ዘወትር ከፊት ወንበር የሚቀመጥ አንድ ወዛደር ነበር። አንድ ቀን ሲወጣ ከአንሶላዋ ጎን ቆመ።

“እትዬ ቡጢ፣ ይሄ ልጅ ሦስት ዓመት ውሃ ተሸክሞ ነው አይደል እንዲህ የሆነው?”

“አዎ።”

“እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ተሸክሜያለሁ።”

“ታዲያ አንተ ምን ሆንክ?”

“እኔማ ወገቤን ታመምኩ” አለና ሳቀ። በማግስቱም መጣ።

ሴት ተዋናይ ስትናገር የምትናገረውም እትዬ ቡጢ ነች። ባሏ ልቡ ሲጠፋ አባት የነበረውን ሟች ወንድም ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ከአንሶላው ኋላ፣ “አባቱ ነው! አባቱ ነው የሞተው!” ብላ ታንሾካሹክለታለች። ሳይሳሳት ያለፈበት ሳምንት የለም። ወደ ቤት ሲሄዱ መንገዱን ሁሉ የሚጨቃጨቁት በዚሁ ነበር።

ኋላ ሰው ሁሉ የየራሱን ፊልም በየእጁ ይዞ መዞር ሲጀምር አግዳሚዎቹ ባዶ ሆኑ። ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ። አሥራ አራት ካሴቶች ተርፈው በካርቶን ታሽገው አልጋ ሥር ገቡ። እሷ ወደ ፍራሿ ተመለሰች፤ እሱ በር ላይ ተቀምጦ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ያወራ ነበር። አንድ ጠዋት ጢሙን ሲላጭ ምላጩ ከእጁ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ እጁና አፉ አብረው ሄዱ። ስምንት ወር አለፈ፤ የሚወጣው “እ” ብቻ ነው። ሲርበውም “እ”፣ ልጁ ስትስመውም “እ”።

ጎረቤት ያለው ራዲዮ ጠጋኝ የድሮውን ማጫወቻ ለጽድቅ ብሎ ሠርቶ አምጥቶላት ነበር፤ ዝም ብሎ ከሚያፈጥ ፊልም ይይ ብላ አንዱን ካሴት ከፈተችለትና ትራስ ልታራግፍ ወደ በሩ ወጣች። ትራሱን በዘንግ ሁለት ጊዜ መታችው። ከቤት ውስጥ አንድ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፣

“መምህሬን የገደለች እጅ ዛሬ ትሰበራለች!” አለ።

ዘንጉ ከእጇ ወደቀ። እየሮጠች ስትገባ ባሏ ዐይኑ ስክሪኑ ላይ ነው። “ምን አልክ?” አለችው። ፊቷን አየና፣ “እ” አላት።

በሆስፒታሉ ያለችው የንግግር ባለሙያ ነገሩን በትዕግሥት አስረዳቻት። ዕድሜ ልክ በቃል የተያዘ ነገር፣ ጸሎትም ይሁን ዘፈን፣ የሚወጣው በሌላ በር ነው፤ ስለዚህ ይህ ገና መናገር አይባልም። የማሠልጠኛው ክፍል በአንድ ጊዜ የሚቀበለው ስድስት ሰው ነው። አሁን አንድ ቦታ ክፍት አለ። ቦታው የሚሰጠው ከራሱ አውጥቶ መናገር ለጀመረ ሰው ነው፤ ከሱ ቀጥሎ ዝርዝሩ ላይ ያለ አንድ ወጣት ሹፌር የልጁን ስም መጥራት ጀምሯል።

“አንድ ቃል ይበቃል፣ እማማ። ከፊልሙ ያልሆነ። ስህተትም ቢሆን ግድ የለም፤ እንዲያውም ስህተት ቢሆን ደስ ይለኛል። ከአራት ሳምንት በኋላ ቤት መጥቼ አየዋለሁ።”

ከዚያ በኋላ እትዬ ቡጢ በየጠዋቱ ቁርሱን አጉርሳው ካሴት ታስገባና ትራሷን ታቅፋ አጠገቡ ትቀመጣለች። የምትጠብቀው ስህተት ነው። ወጥመድም አበጀች። ቡጢውን ታዘገያለች፤ አፉን ከፍቶ ይጠብቃታል፣ ስትመታ ቃሉን ይላል። አገዳ መስበር ባለባት ቦታ ፎጣ ታላጋለች፤ ቅር ሳይለው ያልፋል። ባልቴቷ መናገር ያለባትን ትታ የሌላ ሴት ቃል ትናገራለች፤ እሱ የሚመልሰው ግን ለባልቴቷ ነው። አባቱን አባት፣ ወንድሙን ወንድም አለ። በሥራ ዘመኑ አንድ ሳምንት ሳይሳሳት ያልዋለ ሰው አንዲት ቃል አልስተው አለች።

“ሳት በል እንጂ!” አለችው በሦስተኛው ሳምንት፣ ከአንጀቷ። “ሃያ ሁለት ዓመት ስታስጨንቀኝ ኖረህ፣ ዛሬ ጨዋ መሆን አማረህ?”

“እ” አላት።

የመጨረሻው ሳምንት ላይ ሳትከፍት ያቆየችው አንድ ካሴት ብቻ ቀረ። በዚህ ፊልም የቆሰለ ሽማግሌ መምህር ከድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀምጦ አንዲት ባልቴት ቁስሉን ታጥብለታለች። “ደከመህ?” ትለዋለች። የፊልሙ ሰው ምን እንደሚመልስ የሚያውቅ የለም። ተርጓሚው ግን በመጀመሪያው ቀን፣ ሚስቱ የስድስት ወር እርጉዝ ሆና እግሯ አብጦ፣ መቀመጥ አላስችል ብሏት ቆማ ስትመታ ውላ ሳለ፣ ዐይኑን ከስክሪኑ አንሥቶ ወደ አንሶላው ዞረና፣ “እኔ አልደከመኝም። አንቺ ግን ቆመሽ ዋልሽ፤ ነይ ተቀመጪ” አለ። አዳራሹ አፏጨ። ከዚያ ወዲህ መምህሩ በታየ ቁጥር ይህንኑ አለ፤ የፊልሙ ቃል ሆኖ ቀረ።

ካሴቱን በልቧ ያስቀመጠችው ለምርመራው ቀን ነበር። ባለሙያዋ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መጣች። ልጅቷም ከመድኃኒት ቤት ሥራዋ አስፈቅዳ መጥታ በሩን ተደግፋ ቆማለች። እትዬ ቡጢ ትራሷን ታቀፈች። ድብድቡ አለፈ፤ ሰውየው የሚለውን ሁሉ በየቦታው አለ፤ ባለሙያዋ ወረቀቷ ላይ አጭር አጭር ምልክት ታደርጋለች። ደረጃው መጣ።

“ደከመህ?” አለች እትዬ ቡጢ።

ሰውየው ከስክሪኑ ዞረ። ዐይኗን ዐይኗን አያት። ደህናው ግራ እጁ ከአጠገቡ ያለውን ባዶ ወንበር ነካ።

“እኔ አልደከመኝም። አንቺ ግን ቆመሽ ዋልሽ፤ ነይ ተቀመጪ።”

የባለሙያዋ እስክሪብቶ ቆመ። ልጅቷ አፏን በመዳፏ ያዘች፤ ይህንን ፊልም አታውቀውም፣ ሲታይ ወይ ገና አልተወለደችም ወይ ሕፃን ሆና ቤት ተኝታ ነበር። የካሴቱ ድምፅ እንደ ድሮው ተዘግቷል። የትኛው ቃል የፊልሙ፣ የትኛው የሰውየው እንደሆነ የሚያውቅ በዓለም ላይ ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ መናገር አይችልም።

“እማማ” አለች ባለሙያዋ ቀስ ብላ፣ “ይሄ ከፊልሙ ነው?”

እትዬ ቡጢ ትራሱን አገላበጠችው። ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰች። ልጅቷ ከበሩ ሆና በዐይኗ ትለምናታለች።

“ከፊልሙ ነው” አለች።

“እርግጠኛ ነዎት? ወደ እርስዎ ዞሮ ነው እኮ ያለው።”

“ሁልጊዜም ሲለው ይዞራል። ጥያቄውን የምጠይቀው እኔ ነኝ።”

ባለሙያዋ ጻፈች። ከሦስት ወር በኋላ እንደገና እንደምታየው ተናገረች፤ በየቀኑ ያዋሩት፣ መልስ ባይሰጥም አይተዉ ብላ መከረቻት፣ የሰውየውን ትከሻ ነክታ ሰላም ብላው ወጣች። ማንን እንደምትወስድ አልተናገረችም፤ መናገርም አላስፈለጋትም።

ልጅቷ እናቷን ክንዷን ይዛ ወደ ውጭ አወጣቻት።

“እማዬ፣ ‘አይደለም’ ብትዪ ማን ያውቅብሽ ነበር?”

“ማንም።”

“ታዲያ ምን ሆነሽ ነው? አባዬ ትምህርቱን ያገኝ ነበር እኮ!”

“ያ ሹፌር የልጁን ስም እየጠራ ነው። አባትሽ የጠራው ስም የለም።”

“ለሹፌሩ ብለሽ ነው?”

እትዬ ቡጢ ዐይኗን ወደ ማዶ ጣለች። የጎረቤቱ ራዲዮ ጠጋኝ በማዶ አንድ ነገር ይቀጠቅጣል።

“ለሱም አይደለም” አለች። “ለሷ ከዋሸሁ እኔም አምነዋለሁ። አሁን ወደ እኔ ሲዞር እኮ ላምነው ምንም አልቀረኝ። ካመንኩ ደግሞ በየቀኑ ያንን ካሴት እየከፈትኩ፣ ‘ነይ ተቀመጪ’ ሲለኝ እየተቀመጥኩ እኖራለሁ። የጠፋውን ሰው የሚፈልግ አይኖርም።”

ልጅቷ ተናዳ ነበር፤ ንዴቷ እንባ ሆነባት። እናቷን ሳታቅፍ ሄደች፤ ከመታጠፊያው ተመልሳ አቅፋት ሄደች።

እትዬ ቡጢ ስትገባ ፊልሙ አልቆ ስክሪኑ ሰማያዊ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። አጠፋችው። ካሴቱን አውጥታ ከሌሎቹ ጋር ካርቶን ውስጥ አስገባች። ሾርባ ቀድታ መጣችና ፎጣ ከአገጩ ሥር አደረገችለት። ባዶው ወንበር ላይ አልተቀመጠችም፤ በርጩማዋን ሳበች።

“ቅድም የመጣችውን ሴትዮ ጫማ አየኸው?” አለችው፤ በባልቴቷ ድምፅ ሳይሆን በራሷ። “የቀኙ ተረከዝ አልቋል። የሁሉን ሰው ቤት በእግሯ ነው መሰል የምትዞረው። አየኸው?”

ሰውየው አፉን ከፈተ። ማንኪያውን ከአፉ ፊት አቁማ ጠበቀች። ከንፈሩ አንድ ነገር ሊይዝ እንደሚታገል ተንቀሳቀሰ፤ ቆመ፤ እንደገና ተንቀሳቀሰ። በማዶ ያለው መዶሻ ዝም አለ። ሾርባው እስኪበርድ ድረስ ጠበቀችው።